ወናፍ የገጠምንላት ቀይ መኪና

ሰሞኑን ከይምርሐነ ክርስቶስ እንግዶች ይዛ የምትመለስ አንዲት መኪና በደጃፌ አለፈች። ላሊበላ ላይ መኪና ማለፉ ዛሬ ምን ይገርማል? ይህችኛዋ ግን ዳገቱን ስትይዝ ከኮፈኗ ሥር ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ቆሎ ልቅም የዘረጋሁት እጄ እዚያው ቀረ። ሚስቴ ጥሩዬ ከጓዳ ሆና፣ "ሰማህ?" አለችኝ። ሳልሰማ ቀርቼ!

ነገሩ የጉርምስናዬ ነው። አጎቴ ወልድያ ሆቴል ነበረው። አንድ ፈረንጅ እዚያ ጥሏት የሄዳት መኪና ነበረች፤ ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ለሩጫ የተሠራች ናት ይላሉ። ቅልል ከማለቷ የተነሣ ጭቃ ሲይዛት ጎረምሶች ተጋግዘን ብድግ እናደርጋት ነበር። አጎቴ ለእኔ ሰጠኝ። ሜዳ ላይ ትበር ነበር፤ ደጋ ስትወጣ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እሳት ደግሞ አየር ካላገኘ ይሞታል፤ የምድጃውም ሆነ የሞተሩ ያው ነው።

ጥሩዬን ያጨኋት ጋሸና አጠገብ፣ ከአቀበቱ አናት ካለ መንደር ነው። ለማጨት የሄድን ዕለት መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ አለችና በበሬ አስጎተትናት። ወሬው እስከ ኮን ገበያ ደረሰ። የጥሩዬ አባት፣ አያ ደሳለኝ፣ ቆፍጣና ገበሬ ነበሩ፤ ቁርጡን ነገሩኝ።

"ስማ ሲሳይ፣ ልጄ በሬ የሚጎትተው ነገር ላይ አትወጣም። በሰርጉ ቀን መኪናህ አቀበቱን በራሷ ከወጣች፣ እሺ። ካልወጣች ልጄ በበቅሎ ትሄዳለች።"

ጥሩዬ ደግሞ በቀይዋ መኪና እንደምትሄድ ለጓደኞቿ አውርታ ጨርሳለች። እንዴት አድርጌ አሳፍራታለሁ?

ጓደኛዬ ይማም እዚያው ወልድያ መካኒክ ነበር። ስነግረው ሳቀብኝ። "አብሽር! መድኃኒቷን እኔ አውቃለሁ" አለ። ከደሴ የአሮጌ ዕቃ ተራ የጎመን ድስት የሚያህል ብረት ተሸክሞ መጣ።

"ምንድን ነው?"

"ወናፍ ነዋ! አንጥረኛ ከሰሉን ሲያናፋ አላየህም? ይቺ ደግሞ ሞተሩን ታናፋለች። የሚያዞራት ራሱ ሞተሩ ነው፣ በቺንጋ።"

ከጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ከመሸከሚያ ብረቱ፣ መያዣ ቆርጠን በየድን። ግፊቱ ሞተሩን እንዳያፈነዳው ጓርኒሲዮኑን፣ የሞተሩን ክዳን ማሸጊያ፣ ደረብን፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም እንዲበዛ ቀዳዳውን አሰፋን። ቺንጋው አንዴ ይሾልካል፣ አንዴ ይጠብቃል። በመጨረሻ ያዘ። የቤንዚኑን መርገጫ ነካ ሳደርገው ያ ፉጨት ወጣ፤ የአጎቴ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ይማም ጠርሙስ ብርቱካን ጭማቂ እንደ ጠጣ ሰው ከንፈሩን እየላሰ፣ "ወላሂ ተነፈሰች!" ይላል።

ሰርጉ ጥር ላይ ነበር። ገብሱ ታጭዷል፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ሽማግሌዎቹና አጃቢው በጭነት መኪና ተነሡ፤ እኔና ሚዜዬ ይማም በቀይዋ። አቀበቱ ሥር ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ። ሁለተኛ ማርሽ... ወጣች። ሦስተኛ አስገባሁ... አሁንም ወጣች! በሬ የጠመድንባትን ጥምዝ እያፏጨች አለፈቻት። ይማም ቆሞ ይጮኻል፣ እኔ ተቀምጬ እጮኻለሁ። ወደ ኋላ ማየት ማን አስታውሶ!

መንደሩ ስንገባ ዳሱ ገና ቅጠል እየተነጠፈበት ነበር። በቅሎዋ ተጭና ቆማለች። ሴቶቹ በሩን ዘጉብን። አያ ደሳለኝ ወጡና ከኋላችን መንገዱን አዩ።

"ሽማግሌዎቻችሁስ?"

"ኋላ ናቸው፣ አያ።"

"ሁለት ጎረምሳ በሩጫ መጥቶ ሴት ልጅ አምጡ ሲል ይሄ ሰርግ ነው ጠለፋ?" ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ለምኖ የሚቀበል ሽማግሌ ሳይቆም ልጄ ከደጅ አትወጣም።"

ተመልሰን ወረድን። ጭነት መኪናው አቀበቱ መሐል ውሃው ፈልቶ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያሙናል። ይማም ወርዶ ቦታውን ለአጎቴ ለቀቀ፤ ከሽማግሌዎቹ ተናጋሪው አጎቴ ነበርና።

"እኔ? በዚህች ቅርጫት?" አለ አጎቴ። ዓይኑን ጨፍኖ ገባ። መሐል ላይ ስንደርስ ግን ጃንጥላውን ታቅፎ፣ "ጨምርላት እንጂ ምን ታቅማማለህ!" ይለኝ ጀመር።

ደጁ ላይ ሲቆም የተዘጋጀበት የሽምግልና ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ። "አያ ደሳለኝ! ነፋሱን ቢያዩት! ጥምዟን እኮ እንዲህ..." እያለ በጃንጥላው ያሳያቸዋል።

"ልጅ ልትለምን ነው የመጣኸው መኪና ልትሸጥልኝ?" አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "እስቲ ሲሳይ፣ ተነሥ፣ በዓይኔ ልየው።"

ይዣቸው ወረድኩ፤ አዙሬ ወጣሁ። መጀመሪያ የመኪናዋን በር ጨምድደው ያዙ። ፉጨቱ ሲጀምር እጃቸውን ለቀቁት። ጋቢያቸው ከኋላ እየተርገበገበ፣ እንባቸው በነፋስ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን ይስቁ ነበር። ደጅ ስንደርስ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ "የበቅሎዋን ኮርቻ አውርዱ" አሉ። እልልታው ቀለጠ።

ይማም ከቀሩት ሽማግሌዎች ጋር ዘግይቶ ደረሰ፤ ለእስላም እንግዶች ለብቻው ከታረደው ግን የሚበቃውን አገኘ።

ዛሬ ያን አቀበት መኪናው ሁሉ ይወጣዋል፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ጥሩው ነገር ይኸው ነው፤ ወላድም በሽተኛም ሐኪም ቤት ይደርሳል። አያ ደሳለኝ ካረፉ ቆዩ። ረጅም ዕድሜ ኖረው፣ የልጅ ልጅ አይተው ነው ያረፉት። ያን ዕለት እንደሳቁት ሲስቁ ግን እኔ ደግሜ አላየሁም፤ ጥሩዬም በልጅነቷ አላየሁም ትላለች። ያን ሁሉ ብረት ስንቀጠቅጥ የምናስበው ሙሽራዋን ብቻ ነበር። በእኒያ ቆፍጣና ሰው ውስጥ እንደዚያ የሚስቅ ልጅ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ማን ያውቅ ነበር?