ክፍሌን የተከራየችው ልጅ

ከአሰላ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ስለዋለ ሚኒባሱ በጭቃው ምክንያት ሰፈራችን ድረስ መግባት አቅቶት አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጡሩምባውን ያንባርቃል። እማዬ ግን ጓዳ ገብታ አልወጣ ብላለች። በሶ በጣሳ፣ በርበሬ በላስቲክ፣ ጩኮ ደግሞ በቅቤ ታሽቶ በሰሃን፣ እየደጋገመች ቦርሳዬ ውስጥ ትጠቀጥቃለች።

«እማዬ፣ ኪሎው ያልፋል!»

«ያለፈውን መንገድ ላይ ብይው።»

እዚህ ላይ እያለን ነው በሩ የተንኳኳው። ሾፌሩ መስሎኝ ስከፍት ዣንጥላዋ የተገለበጠባት ቀጭን ልጅ ቆማለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት ናት፣ ህይወት ትባላለች። «የሚከራይ ክፍል አለ ተብዬ ነበር» አለች። ክፍሉ የኔ ነው! አልጋዬ ላይ አንሶላው እንኳን አልተነሳም። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየቻትና «ነይ ግቢ፣ በስብሰሻል» አለቻት። ከዚያ ይቺ ልጅ ምን አደረገች? የኔን ሻንጣ አንስታ ጭቃውን እየረገጠች እስከ አስፋልቱ ወሰደችልኝ። መኪናው ሲነሳ ዞሬ ሳይ እማዬ በዚያች በተሰበረች ዣንጥላ ስር ከእሷ ጋር ተጠልላ እጇን ታወዛውዛለች። ያን ቀን የቀናሁ አልመሰለኝም። ብርድ ነው ብዬ ነበር።

የሄድኩት ጀርመን ነው። እነሱ አውስቢልዱንግ ይሉታል፣ እየሠሩ መማር ማለት ነው፤ ሥራውም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ብርዷ ግን እንደኛ ብርድ አይደለም። የአሰላ ብርድ ጠዋት ይቆነጥጥሃል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ይቅርታ ትጠይቅሃለች። የዚህኛው ገብቶ አጥንት ላይ ይከራያል። ምግቡስ? ዳቦ ጠዋት፣ ዳቦ ማታ፣ ያውም ቀዝቃዛ። አሮጊቶቹን ቁርስ የማበላቸው የአጃ ገንፎ አለ፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ መሀሉ አይጎደጎድ። እናንተ እንደኔ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ እቤት ላላችሁት ግን ገንፎ ብዬ መጥራቴ ራሱ ያሳፍረኛል።

እና ለእማዬ መደወል ነበር እንጀራዬ። እማዬ ስልክ አትችልም። ያደገችው ጎበሳ ገጠር ነው፤ አባቴ በቀለ አግብቶ ከተማ አስገባት፤ እሱ ካረፈ በኋላ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ቪዲዮ ስደውል መጀመሪያ ግንባሯ ይመጣል፣ ቀጥሎ ኮርኒሱ፣ ቀጥሎ የህይወት እጅ። ህይወት ስልኩን ይዛ ታስተካክላለች፤ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይመልከቱ፣ ወይንሸት እያየችዎት ነው» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ምርቃቴ ማብቂያ አልነበረውም፤ እግዜር ነው የላካት እል ነበር።

በኋላ ግን ነገሩ እየተለዋወጠ መጣ። እማዬን «ምን በላሽ?» ስላት ህይወት ትመልሳለች። «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ስል «ወስዳለች» የምትለው እሷ ናት። አንድ ቀን የኔን ሹራብ ለብሳ አየኋት፤ «በርዷት ነው፣ ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው» አለችኝ እማዬ። እማማ የነበረው እማዬ ሆነ። እርስዎ የነበረው አንቺ ሆነ። «እማዬ፣ ጸጉርሽን ወደ ውስጥ አድርጊው» ስትላት እኔ እዚህ የጎረስኩበትን ዳቦ አስቀመጥኩት። እናቴ ደግሞ ኦሮምኛ ታስተምራት ጀመር። የጎጃሟ ልጅ «ኮቱ ኛዹ» ስትባል ነይ ብዪ ማለት መሆኑን አውቃ፣ እየሳቀች እጇን ታጥባ ስትቀርብ አየሁ፤ የቀረበውም እኔና እማዬ እንበላበት የነበረው ትልቅ ሰሃን ነው።

ስናደድ ድምፄ ይጮኻል። አንድ እሁድ አከራዬ በሩን አንኳኩ። እሳቸው ወይዘሮ በቀለ ነው የሚሉኝ፤ አባቴን ከሞተ በኋላ ወይዘሮ አደረጉት።

«ወይዘሮ በቀለ፣ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?»

«አልተጣላሁም፣ እናቴን እያወራኋት ነው።»

«እናትዎ መስማት አይችሉም?»

«እሷ ትሰማለች፣ ኔትወርኩ ነው የማይሰማው።»

«እሁድ ሩኤ ነው» አሉኝ። ሩኤ ጸጥታ ማለት ነው፤ እዚህ አገር እሁድ እሁድ ሕግ ነው። «እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት እንኳን እንደዚህ ጸጥ አይልም» አልኳቸው። «ታዲያ እንዴት ታርፋላችሁ?» አሉኝ ከልባቸው።

ያኔ ነው እማዬን ለጉብኝት ላስመጣት የቆረጥኩት። ለጥቂት ወራት እንኳን ከእኔ ጋር ትሁን፣ ከእጄ ትብላ። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይዤ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። ያለ ቴርሚን እዚህ አገር መሞትም አይቻልም። ሰውየው ወረቀቶቼን ገለጠ፣ ደግሞ ገለጠ።

«የእርስዎ የቤተሰብ ስም በቀለ፣ የእናትዎ ቱሉ። የትኛው ነው የቤተሰቡ?»

«በቀለ አባቴ ነው። ቱሉ የእናቴ አባት ነው።»

«ገባኝ። የቤተሰቡ ስምስ?»

«ቤተሰቡ ስም የለውም። ሰዎቹ ናቸው ስም ያላቸው።»

መነጽሩን አወለቀ። «እዚህ ላይ የእናትዎ ስም ድንቄ በኪው ፊደል ተጽፏል፣ ፓስፖርታቸው ላይ ደግሞ በኬ። ሁለት ሴቶች ናቸው?»

«አንዲት ናት! እናቴ ናት!»

«እሱን ነው እኔ የማላውቀው» አለኝ፣ በትሕትና።

ወረቀት አስተካክዬ፣ አስተርጉሜ፣ ተመላልሼ በመጨረሻ እሺ አሰኘሁት። ፓስፖርቱን እንኳን ያስወጣችላት ህይወት መሆኗን ችዬ፣ በደስታ ደወልኩ።

«አልመጣም» አለች እማዬ።

«ለምን?»

«ህይወትን ብቻዋን ለማን ትቻት?»

ስልኩን የያዘችው ህይወት ናት። «ኧረ እማዬ ሂጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» ስትላት እሰማለሁ። እሷ ለምናልኝ እናቴ እንድትመጣልኝ! ለሳምንት ያህል ሳልደውል ቀረሁ። እንድናፍቃት ፈልጌ ነበር፤ ናፍቆቱ የያዘው ግን እኔኑ ነው።

መልሼ ስደውል ቪዲዮው አልሠራ አለ። «ካሜራው ተበላሽቷል» አለችኝ ህይወት፤ በድምፅ ብቻ ነው ያገናኘችን። በሌላ ቀንም እንደዚያው። ሲስተካከል እማዬ ጥቁር መነጽር አድርጋ እንደ ዘፋኝ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የዓይን ሞራ ነበረኝ፣ ተገፈፈልኝ። እንዳትጨነቂ ብለን ነው።»

ብለን! እናንተ እቤት ያላችሁ፣ ይሄን አታድርጉብን። አለመንገራችሁ ያሳርፈናል እያላችሁ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላ ስልኩ ባልሠራ ቁጥር ሬሳ ነው የሚታየን።

«ሐኪም ቤት ማን ወሰዳት?» አልኩ።

«እኔ» አለች ህይወት። «የቤተሰብ ፊርማ ሲሉ እኔ ፈረምኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ልጃቸው ነኝ ብዬ።»

እኔ በኪው ሆነ በኬ እያልኩ ስንት ደጅ የጠናሁበትን፣ እሷ በአንድ እስክሪብቶ ልጅ ሆነች። እንዲህ ዓይነት ቅናት አይቼ አላውቅም። ህይወት እንዳትሰማ፣ ከ‹ነይ ብዪ› አታልፍም ብዬ፣ ወደ ኦሮምኛ ቀየርኩት፤ ያ የእኔና የእማዬ ቋንቋ ነው፣ ልጅ ሆኜ ገበያ ላይ ሻጭ እንዳይሰማን የምንሾካሾክበት። «ይቺን ልጅ ከቤቴ አስወጫት፤ ወይ እሷ ወይ እኔ» አልኳት።

ምስሉ ተናወጠ፤ የእማዬ ፊት ወደ ጎን ሄደ፣ ግድግዳው መጣ፣ ወለሉ መጣ። ስልኩን የያዘችው ህይወት ናት፤ ዝቅ አድርጋዋለች። ለካ ቋንቋውን ጨርሳ ለምዳዋለች። ወለሉ ላይ የሁለቱን እግር አየሁ፣ ጎን ለጎን፤ አንደኛው ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ የእማዬ ድምፅ ብቻ መጣ። «ወይንሸት፣ አንቺ እዚያ የሰው እናት ታጥቢያለሽ። እኔን እዚህ የሰው ልጅ ታጥበኛለች። ምኑ ነው የከፋሽ?»

«አንቺ የእኔ ነሽ» ብያት አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ የህይወት ዝውውር ወጣ፣ ወደ አገሯ ወደ ደብረ ማርቆስ። ራሷ ጠይቃ ይሁን ተራዋ ደርሶ አላወቅኩም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም። የሄደች ቀን ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ ሽንኩርት ከትፌ ወጥ ሠራሁ።

ደስታው ግን ወጡን ያህል እንኳን አልቆየም። እማዬ ስልኩን ታነሳና ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ የማየው ጆሮዋን ነው፣ ጉትቻዋን፣ ትንሽ ሽበቷን። «ፊት ለፊትሽ አድርጊው እማዬ!» ስላት ትዘጋዋለች። እኚያ አከራዬ ስለ ሩኤ መምጣት አቆሙ፤ የምጮህበት ሰው አልነበረኝማ። ከዚያ ጭራሽ አልነሳ አለ። ጠዋት አይነሳም፣ ማታ አይነሳም። ሥራ ላይ አሮጊቶቼን እያገላበጥኩ በመሀል እደውላለሁ። መጨረሻ ላይ እፍረቴን ውጬ ለህይወት ደወልኩላት።

«ደህና ናት» አለችኝ ገና ሰላም ሳልላት። «ለሰርግ ጎበሳ ሄዳ ስልኩን መኝታ ቤቷ ቆልፋበት ነው። ነገ ትመለሳለች።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከሰው ስልክ ደወለችልኝ። ሁሌም ጠዋት ጠዋት ትደውላለች።»

ትደውላለች! ለእኔ አንድ ቀን ደውላ አታውቅም፤ ሁሌም የምደውለው እኔ ነኝ። ይሄንኑ አልኳት፣ ምሬቴን ሳልደብቅ።

«ያንቺ ቁጥር ረዥም ነው፣ መሀሉ ላይ ይጠፋብኛል ትላለች» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰምተሻል? አዲስ ተከራይ ገብታለች፣ ከአርቦዬ የመጣች ነርስ። ባለፈው ስደውል እሷ አነሳችው፤ ‹እማዬ ተኝታለች፣ አትረብሿት› አለችኝ። እማዬ! ከገባች እኮ ገና ወሯ ነው!»

ድምፅዋን አወቅኩት፤ የራሴ ነው። ሳቅ አመለጠኝ፣ እሷም ሳቀች፤ ሁለታችን በአርቦዬዋ ነርስ ላይ ያልተባባልነው የለም። ስለዚያ ቀን ይቅርታ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ህይወት! ራቱ ቀዘቀዘ፣ ነይ እንጂ!» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ፤ ረጋ ያለ፣ የጎጃም ድምፅ።

«መጣሁ እማዬ!» አለች፣ ወደዚያ ዞራ።

ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው እንጂ አልዘጋችውም። ውሃ ሲንቆረቆር፣ ወንበር ሲጎተት፣ እናቷ «በደንብ ብዪ» ስትላት ይሰማኛል። ሁለት እናት አላት። መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። ሂሳቤ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሲበሉ አዳመጥኩ።