በጉሙ ውስጥ የተጠራ ስም

ልጄን ሳን ሆዜ ለበረዶ ሆኪ ጨዋታ ሳደርስ፣ የአዳራሹ ቀዝቃዛ ሽታ ወደ ልጅነቴ ኦክላንድ ወሰደኝ።

ወንድሜ ዳዊት ለሃይስኩሉ ሲጫወት እኔና አባባ እናይ ነበር። አንድ ቀን ሞቃት አየር ከውጭ ገብቶ በረዶው ላይ ጉም ተኝቷል፤ የተጫዋቾቹ እግር አይታይም ነበር። ከተቃራኒው ቡድን አንዱ ዳዊትን በዱላው ጠልፎ ጣለው፤ ዳኛው ዝም አለ። ዳዊት ያንኑ ሲያደርግ ግን ፊሽካው ጮኸ።

አባባ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። "ጥፋቱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት" አለ በሹክሹክታ። "አሁን ስም ይጠራሉ።"

"እነማን፣ ዳዲ?"

ድምፅ ማጉያው ቅጣቱን ለማሳወቅ የዳዊትን ስም ሲጠራ አባባ ብድግ አለና "አቤት! ዳዊት እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

አባባ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ታስሮ ሳለ፣ ስሙ ተጠርቶ የወጣ እስረኛ እንደማይመለስ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ አባባ የተነሳው በልጁ ፋንታ ሊሄድ ነበር።