ከሰባ በታች ያለው

በወጣሁበት ምሽት ባለቤቴ ሰብለ ቦሌ በር ላይ ልጃችንን አቅፋ «እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። «ቢበዛ ሁለት ዓመት» አልኳት። ልጃችን ያኔ ገና መሄድ አልጀመረችም፤ አሁን በስልክ የክፍሏን ልጆች ታማልኛለች። ሰብለም ስንሰነባበት ያችኑ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ዘግታ አታውቅም።

ጄኔቭ ስትመጡ ሐይቁን አትመኑት። ከሩቅ ላንጋኖን ይመስላል፣ ቢዝ የሚሉት ንፋስ ሲነሳ ግን ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቨርሷ፣ አረጋውያን መጦሪያ ኩሽና ውስጥ ጨው የሌለው ሾርባ እሠራለሁ። የኢሚግሬሽን ሰዎች ቤተሰብ ለማምጣት ሰፋ ያለ ቤት ያስፈልግሃል ሲሉኝ ካሩዥ የሚባል ሰፈር አንድ ረዢ፣ ማለትም ቤት አከራይ ቢሮ ሄድኩ።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ለጊዜው ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴና ልጄ ይመጣሉ።»

«እንግዲያው እነሱ ሲመጡ ይመለሱ።»

«የሚፈቀድላቸው እኮ ቤት ሲኖረኝ ነው።»

«ይገባኛል። ካልሆነ የዓመት ኪራይ ባንክ ውስጥ እንዳለዎት ያሳዩን።»

የነበረኝ ግማሹ ነው። ቶሎ ይሙላልኝ ብዬ ሁሉንም የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ገዛሁበት። ዋጋው መዋዠቅ ሲጀምር እንቅልፍ አጣሁና ባቡር ይዤ ዙሪክ፣ ባንክ ሠርተው ጡረታ ወደወጡት ጋሽ መኮንን ሄድኩ።

«ሸጠህ ውጣ» አሉኝ።

«ቢጨምርስ?»

«እንግዲያው ኢንሹራንስ ግዛለት። አንዱ አክሲዮን አሁን መቶ ፍራንክ ነው። የፈለገ ቢወርድ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በዘጠና የመሸጥ መብት ትገዛለህ፤ ፑት ይባላል።»

የመብቱን ዋጋ ሲነግሩኝ ደነገጥኩ።

«ማቅለያ አለው። አንተም በበኩልህ በሰባ የመሸጥ መብት ለሌላ ሰው ትሸጣለህ፤ የሚከፍልህ ወጪህን ይቀንስልሃል። ሁለቱ አንድ ላይ ስፕሬድ ይባላሉ። ግን ስማኝ ልጄ፣ የሚሸፍንህ ከዘጠና እስከ ሰባ ያለውን ብቻ ነው። ከሰባ በታች ያለው የራስህ ነው።»

«ከሰባ በታችማ አይወርድም» አልኳቸውና ስፕሬዱን ገዛሁ።

የአክሲዮኑ ዋጋ ሠላሳ ገባ። ጊዜው ሲያልቅ የዘጠናና የሰባው ልዩነት ተከፈለኝ፤ ከቁጠባዬ ግማሹ ግን ሄደ። ጋሽ መኮንን ደውለው «ያለ ስፕሬዷ ይብስብህ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን ከሾርባው ድስት አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ሌላ ይህን ያህል ዓመት የማጠራቅምበት አቅም የለኝም።

እሁድ ለሰብለ ደወልኩላት። ከዘጠና እስከ ሰባ ያለውን ቀስ ብዬ አስረዳኋት፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ከሰባ በታች ያለውስ?»

«እሱ የራሴ ነው።»

«የኛ ነው» አለች።

ከኋላዋ ልጄ «አባዬ ነው?» ስትል ሰማኋት።

«በል ደህና ሁን» አለችኝ ሰብለ። እስከ መቼ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።