ተኳሽ ነበርኩ

ደህና የሚባለው ቀን ምን ያስከፍለኝ እንደነበር ልንገራችሁ። አሥር ሰዓት ሙሉ መቆም፣ ስልሳ ሸሚዝ፣ እንፋሎቱ ከክንዴ ላይ የሚልጠው ቆዳና አንድ ጥፊ። ጥፊው አንድ ብቻ ከሆነ ቀኑ ደህና ነበር። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ተኳሽ ነኝ» ስላቸው ወታደር የመሰልኳቸው አሉ። የምተኩሰው ሸሚዝ፣ የምቆስለው እኔ!

የላውንደሪውን ባለቤት እኛ ሠራተኞቹ ካውያው እንለዋለን፤ ሶኬት ሳይነካ ይግላል። ባንኮኒው ጋ ለደንበኛ ማር ነው። መጋረጃውን ገልጦ ወደ እኛ ሲገባ ነው ሌላ ሰው የሚሆነው። ደግሞ ሲብስበት አይጮኽም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነይ እስቲ ልጄ» ይላል። ከዚያ የእንጨት የልብስ መስቀያው ትከሻ አይል፣ ጆሮ ግንድ አይል፣ ያገኘው ቦታ ላይ ያርፋል። አጣቢዋ ገና በገባሁ ሳምንት «ስሚ፣ ሲሰድብሽ አትፍሪ። ልጄ ሲልሽ ነው ራስሽን የምትይዢው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ምን እናድርግ?

ታዲያ ለምን አልወጣሽም ትሉኝ ይሆናል። ልወጣ ነበር እኮ! ክረምቱ ይለፍ አልኩ። ልጄ ትንሽ ጠና ትበል አልኩ። በመስቀያው ከንፈሬን የተረተረኝ ጊዜ፣ ቁስሉ ይዳን፣ በዚህ ፊቴ ማን ይቀጥረኛል አልኩ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ምክንያቱም አብሮ የዳነ መሰለኝ።

አንድ ቀን የአራት ዓመት ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ጠፋና ይዣት ገባሁ። ከአንሶላ ክምሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። ያን ቀን የአንድ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ አሳርሬ ነበር። አየው።

«ነይ እስቲ ልጄ።»

ልጅቷ ፊት ግርግር አይሁን ብዬ ቀረብኩት። እጄን ይዞ በጋለው ብረት ላይ ጫነው። ቆዳዬ ችስ ሲል ሰማሁት። ጩኸቴን ዋጥኩ፤ እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም ነበር።

በማግስቱ ቤት ውስጥ በደህናው እጄ ሚዶ ይዤ «ነይ ልጄ፣ ፀጉርሽን ላበጥርልሽ» አልኳት። ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና ቁጢጥ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ልጄ አልሽኝ።»

ሚዶውን አስቀመጥኩ። ያኔ ሥራውን ልለቅ ቆረጥኩ።

የሠራሁበትን ደሞዝ እስክቀበል ግን ተመልሼ ገባሁ። አጣቢዋ «ስትሄጂ በጓሮ በር ሹልክ በይ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ተኳሽ በጓሮ ስትወጣ ደርሶባት ሁለት ጥርሷን እንዳረገፈ የነገረችኝም እሷው ናት። ጓሮ ሰው የለም። እኔ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ባንኮኒው በደንበኛ ሲሞላ፣ በፊት በር ለመውጣት ወሰንኩ።

ቅዳሜ መጋረጃውን ገልጬ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልሠራም» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ፈገግ አለ። «እስቲ ግቢና እንነጋገር፣ ልጄ።»

«አልገባም።»

ፀጉሬን ጨብጦ ጎተተኝ። ግንባሬ ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልታገል ስል የቆሰለውን እጄን ጠመዘዘው፤ በዚህኛው ጊዜ ጮኽኩ። ደንበኞቹ ልብሳቸውን እያነሱ መውጣት ጀመሩ። የቤተሰብ ጠብ መስሏቸው ይሆናል፤ ልጄ ብሎኛላ! አንዲት ሴትዮ ብቻ የታሰረላትን ቀሚስ መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«አባቷ ነህ?»

«ምን አገባሽ አንቺ?»

«አባቷ ነህ ወይ ነው ያልኩህ!»

ከመጋረጃው ጀርባ አጣቢዋ «አይደለም! እንኳን እሷን፣ ማንንም አልወለደም!» ብላ ጮኸች። ወደ ድምፁ ዞር ሲል እጁ ላላ። ሴትዮዋ ክንዴን መንጭቃ መንገድ ላይ አወጣችኝ፤ ከኋላችን የተወረወረው መስቀያ የበሩን መስታወት አረገፈው።

አሁን ሁለት ጣቶቼ በደንብ አይታጠፉም። በስምንቱ ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ አላጣም። አጣቢዋ ግን የምትሄድበት እስክታገኝ እዚያው ናት። ስለዚህ ልብስ የምታሳጥቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልብሳችሁን ልትቀበሉ ቆማችሁ ከውስጥ የምት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ተቀብላችሁ አትውጡ። እዚያው ቁሙና «ማነው የተመታው?» ብላችሁ ጠይቁልን።