በእበት የተለቀለቀችው ጀልባ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለች መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ። የደጋ ሰው ነኝ፤ ገብስና ስንዴ አውቃለሁ፣ ዋና አልችልም። በዚህ ዕድሜው ጀልባ ምን ያደርግለታል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ወደድኳት፣ በቃ።

የባለቤቴ ወንድም ከሐሙሲት ዝቅ ብሎ ጣና ዳር ይኖራል፤ በደንገል ታንኳ ያደገ ዓሣ አጥማጅ ነው። ጀልባዋ የእሱ ግቢ ውስጥ ነበረች። የእንጨት ጀልባ ናት፣ በሸራ የምትሄድ። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሾላ ሥር ተጋድማ ዶሮ ይፈለፈልባታል። ምሰሶዋን ነቅለው በረት ሠርተውበታል። ለተዝካር ወርደን ሳለ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ እኔ እሷን ስዞር ዋልኩ። የባለቤቴ ወንድም አይቶኝ፣ ከፈለጓት ይውሰዷት፣ ዶሮዎቹን ግን ራስዎ ያስፈቅዱ አለኝ።

ቅዳሜና እሑድ እኛ ዘንድ ሞፈር አይነካም። እኔም ጊዜ የማገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መዶሻ ማንሳት ሰንበት መሻር ይሆን እንደሆነ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ጀልባዋ ምን ታስገባልሃለች አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ጥቅም ከሌላት ጨዋታ ናት፣ ቅዳሜን ተጫወት፣ እሑድን ለቤተ ክርስቲያን ተው ብለው ፈረዱ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ ጥቅም እንደሌላት እኔም እመሰክራለሁ አለች።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መውረድ ጀመርኩ። በሳንቃዎቿ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እኔ የማውቀው መድፈኛ አንድ ነው። አውድማ በምን ይለቀለቃል? በእበት። ጎተራ በምን ይመረጋል? በእበት። ጤፍ እንኳ የማያሾልክ ነገር ውሃ ያሾልካል ብዬ አልጠረጠርኩም። እበቱን ከጭድ ጋር ለውሼ ከውስጥም ከውጭም ለቀለቅኳት። ፀሐይ ላይ ሰነበተችና እንደ ድንጋይ ጠጠረች። የባለቤቴ ወንድም መጥቶ አየና ዝም አለ። ዝምታው ዝም ብሎ እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

ባለቤቴ ባለችበት ገፍተን ውሃ ውስጥ አስገባናትና ወጣሁባት። ውሃው መጀመሪያ ጠላ መሰለ። ቀጥሎ ጭዱ ተንሳፈፈ። ቀጥሎ እኔ እስከ ወገቤ ገባሁ። የባለቤቴ ወንድም ታንኳው ላይ ቆሞ፣ «አያ፣ ዓሣውን ሁሉ ድግስ ጠሩት» አለኝ። ዳር የቆመው ሰው በሙሉ ሳቀ።

ባለቤቴ አልሳቀችም። የፈራሁት እሱን ነው። እሷ በየዓመቱ ሴት ወደሚገባበት ደሴት በሞተር ጀልባ ተሻግራ ታነግሣለች። ዘንድሮ በነፋስ አሻግርሻለሁ ብዬ በሰው ፊት ቃል ገብቼላት ነበር። ልብሴን ስጨምቅ ቀረብ ብላ፣

«አንቱ ሰውዬ፣ ለንግሡ በዚች ካሻገሩኝ ከአፌ ክፉ አይወጣም። ካላሻገሩኝ ግን ለዶሮዎቹ ትመለሳለች፤ ሁለተኛም ስሟን አልሰማም» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እልኸኛ ሰው እሺ የሚለው ሳያስብ ነው።

እበቱን ፍቄ አወረድኩ። የባለቤቴ ወንድም አሁን አፉን ከፈተና የጀልባ መድፈኛ ቃጫ በሬንጅ እየነከሩ በክፍተቱ መጠቅጠቅ እንደሆነ ነገረኝ። ምነው ቀድሞ ሳትነግረኝ ብለው፣ ቀድሞማ መቼ ጠየቁኝ አለ። ምሰሶውን ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ ቆርጬ በጭነት መኪና አወረድኩት። ሸራውን የሰፋልኝ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የመኪና ሸራ የሚሰፋ እስላም ወዳጄ ነው። ጠርዙን እጥፍ በእጥፍ አድርጎ ሰፋው። ና አብረን እንሂድባት ስለው፣ መስፋቱ የእኔ፣ መስመጡ የእርስዎ ይሁን አለኝ።

የንግሡ ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ድፎ ዳቦ በሰፌድ ይዛ ገባች። ወንድሟ በታንኳ ከኋላ ተከተለን። እኔ በኪሴ እብቅ ይዣለሁ፤ ከአውድማ የለመድኩት ነው፣ ቆንጠር አድርጌ ስበትነው ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ ይነግረኛል። ነፋሱ ከኋላችን ነበር። ሸራው ተነፋ፣ ጀልባዋም ሄደች። ከታች አንድ ጠብታ አልገባም። እኔ እንኳን ለዚያች ደሴት ለግብፅም አላንስ ብዬ ተኩራራሁ።

እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሸራው ተርገበገበና ሞተ። ጀልባዋ ቆመች። ከደሴቷ የከበሮ ድምፅ ይሰማል። የባለቤቴ ወንድም ደረሰብንና፣ ገመድ ልወርውር ወይ አለ። እምቢ አልኩ። ባለቤቴ ወደ ከበሮው ታያለች።

እብቅ በተንኩ። ነፋሱ አለ፤ ወደ ጎን ዞሯል እንጂ። አውድማ ላይ ነፋስ ሲዞር ሰው አብሮ ይዞራል። እዚህ ግን ደሴቷ አትዞርልኝም። ሸራውን ወደ ፊት ግትር አድርጌ ይዤ ነፋሱ እስኪመለስ መጠበቅ ነው ያሰብኩት።

ባለቤቴ ዳቦውን ጭኗ ላይ አደረገችና ባዶውን ሰፌድ አነሳች። እህል ስታበጥር እንደምታደርገው ወዲያ ወዲህ እያዘነበለች ነፋሱ ላይ ያዘችው። ቆየችና፣

«ሸራውን አይገትሩት። እንዲህ ሰያፍ ያድርጉት» አለችኝ።

ሰያፍ ከሆነማ ነፋሱን ያፈስሰዋል ብዬ ተሟገትኩ።

«ሰፌዱ እጄን እየጎተተኝ ነው። ይንኩት እስቲ።»

ነካሁት። እውነትም ወደ ፊት ይጎትታል። ገመዱን አላላሁና ሸራውን አዘነበልኩት። ጀልባዋ በጎኗ ጋደል ስትል ጠርዟን እንደ ፈራ ሕፃን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ከሰርጋችን ወዲህ አላየኋትም። የወንድሟ ታንኳ ወደ ኋላ ቀረ።

ስንደርስ ታቦቱ ወጥቶ እየዞረ ነበር። ባለቤቴ እግሯ ሳይረጥብ ወረደች። በምን መጣሽ ለሚሏት ሁሉ፣ ባለቤቴ በነፋስ አሻገሩኝ ትላለች። የሰፌዱን ነገር ለማንም አልተናገረችም። እኔው ነኝ የማወራው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወርዳለን። ገመዱን እሷ ትይዛለች፣ እኔ የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ አፈስሳለሁ፤ ቃጫው ትንሽ ላልቷል። ዶሮዎቹ ሾላው ሥር ሌላ ቤት ተሠርቶላቸዋል። አንዷ ግን አሻፈረኝ ብላ አሁንም ጀልባዋ ውስጥ ትጥላለች።

በቀደም የነፍስ አባቴ፣ ያች ጀልባ ጥቅም ጀመረች እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እንቁላል ብቻ አልኳቸው፣ ይዤላቸውም ሄጄ ነበር። ጾም አልነበረም። ተቀበሉኝና፣ ጨዋታ ናት አሉ።