የእትዬ የዓለምዘርፍ አምባር

ዕድላዊት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የብረታ ብረት ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደምትሠራ የሰማ ሁሉ «ይቺን ሀብሌን እዪልኝ» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቷታል። እሷ ግን ልትመረምረው የምትጓጓው አንድ አምባር ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ እዚያው አቅራቢያ አስፐን ሂል የሚኖሩት አክስቷ እትዬ የዓለምዘርፍ ከክንዳቸው አያወልቁትም።

አያቷ በጣሊያን ጊዜ ጓሮ ውስጥ አንድ ገንቦ ወርቅ ቀብረዋል ይባል ነበር። ገንቦውን ቆፍሮ ያወጣው አባቷ ዋለልኝ ነው። «ጥቂት የናስ አምባር ብቻ ነው ያገኘሁት» ብሎ አንዱን ለእህቱ ለእትዬ ሰጠና በሱዳን በኩል ተሰደደ። እትዬ አላመኑም። ለእኔ አንድ፣ ለራሱ ገንቦ ሙሉ! ኋላ ሁለቱም አሜሪካ መጥተው፣ ቅርብ ለቅርብ እየኖሩ እንደተኳረፉ ቀሩ። አምና ዋለልኝ ሲሞት እንኳ እትዬ ለቅሶ አልደረሱም። ሰው ጉድ አለ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እልኸኛ ናቸው።

ታዲያ ጎረቤት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ወርቅ ቤት ሞልቶ የለም ወይ? አለ፤ እሳቸው ግን አንጥረኛ ይፍቅብኛል፣ ይለውጥብኛል ብለው ይፈራሉ። ዕድላዊት «የእኛ ማሽን አይፍቅም፤ ጨረር ብቻ ነው የሚያበራበት። አጠገቡ ቆመው ያዩታል» እያለች ስትለምን ከረመች። አንድ ቅዳሜ ሳታስበው ኮል አደረጉላት።

«ነይና በመኪናሽ ፒክ አድርጊኝ። ወርቅ ከሆነ ግን የአባትሽን ስም ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

መንገዱን ሙሉ መሪውን አጥብቃ ያዘች። አባቷን ታምነዋለች። ግን «ዋሽቶ ቢሆንስ?» የሚለው ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዷን ሲበላት ኖሯል።

አለቃዋን አስፈቅዳ በዕረፍት ቀን ስለገባች ቤተ ሙከራው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። አምባሩን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ተደረደሩ።

«ምን ይላል?»

«መዳብና ዚንክ ነው፣ እትዬ። ናስ ነው። ወርቅ የሚባል የለበትም።»

«ገልብጪና ድገሚው።»

ገልብጣ ደገመችው። ያው ነው።

ዕድላዊት ደስታዋ እልል ሊያሰኛት ደርሶ ነበር፤ የአክስቷን ፊት ስታይ ዋጠችው። እትዬ አምባሩን አላነሱትም። ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና እዚያው ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ ኧረ ይነሡ፣ ቤት እንሂድ።»

«እንዴት ብዬ ነው የምነሣው? ለዘመድ ሁሉ ኮል አድርጊ» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። «የዓለምዘርፍ ወንድሟ ሞተባት በያቸው። መርዶዋን ዛሬ ሰማች በያቸው።»