ውኃ ለኪዋ መምህርት

አሲፓ ኤጄ፣ እትዬ አሲፓ እንደ ማለት ነው፣ የወንዝ ውኃ ትለካ የነበረች ሴት ናት። ይህን ያወቅሁት በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን፣ በየተራ እየተነሣን ቀድሞ ምን እንደተማርን ስንናገር ነው። አንዱ ሕግ አለ፤ አንዷ የእንስሳት ሕክምና፤ እኔ ሥነ ጽሑፍ አልሁ። እሷ ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ «የተማርሁት ውኃ መለካት ነው» አለችና ተቀመጠች። ክፍሉ ሳቀ። ሰው ወንዝን የሚያህል ነገር ሊለካ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበርና፣ እኔ ቀኑን ሙሉ እጆቿን ሳይ ዋልሁ።

ሥልጠናው በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዘን ከሕፃናት ጋር ለመሥራት ለመጣን ሰዎች የተከፈተ የአንድ ዓመት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ መዋዕለ ሕፃናት እንውላለን፣ ሁለት ቀን ክፍል እንገባለን። በመጨረሻ ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ ፈታኝ ይመጣል፤ ጥግ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያየናል፤ ይፈርማል ወይም አይፈርምም። እኔና አሲፓ የተመደብነው ናሪን ከተማ ውስጥ «ድንቢጥ» በሚባለው መዋዕለ ሕፃናት ነው። ለእኔ አዲስ ቦታ ነበር። እሷ ግን ወለሉን ስትወለውል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

በወጣትነቷ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ፣ አንዲት የድንጋይ ቤት ውስጥ ተቀምጣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ ውኃው ትወርድ ነበር። የተቸነከረውን መለኪያ እንጨት ታነባለች፤ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ትመለሳለች። አንድ የጸደይ ወራት ደመወዙ ቀረ፤ ቀጥሎም አለቃው ቀረ። እሷ ማንም ሳያዝዛት ሌላ አንድ ዓመት ለካች። ከዚያ ልጆቿን ማብላት ግድ ሆነባትና ወደ ከተማ ወርዳ ረዳት ሆነች፦ ገንፎ መጨለፍ፣ ሱሪ መቀየር፣ ባልዲ መሸከም።

ከሥልጠናው በፊት በነበረው ክረምት የትንንሾቹ ቡድን መምህርት ሥራ ፍለጋ ወደ ሩሲያ ሄደች። ዳይሬክተሯ ቱርሱናይ ኤጄ የሚተካ ሰው አጥተው ሃያ ሁለቱን ሕፃናት ለአሲፓ ሰጡ። ወዲያው ተቆጣጣሪ መጣ። እስከ መጪው ግንቦት መጨረሻ ፈቃድ ያለው መምህር ካልተገኘ ቡድኑ እንደሚዘጋ ጽፎ ሄደ።

«ዲግሪ አለሽ አይደል?» አሏት ቱርሱናይ ኤጄ።

«የውኃ ነው እኮ።»

«ይሁና! ሕፃንም ያው ነው፤ ሲፈስ ነው የሚውለው። ተመዝገቢ!»

እንዲህ ሆና በአርባ ስድስት ዓመቷ ደብተር ይዛ መጣች። ካለፈች የሃያ ሁለት ልጆች እናቶች ወደ ልብስ ስፌቱና ወደ ገበያው መሄዳቸውን ይቀጥላሉ። ከወደቀች በሩ ይቆለፋል።

በክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚከብደን ምልከታ የሚባለው ነበር። አንድ ሕፃን መርጠህ እጅህን ሰብስበህ ታየዋለህ፤ ያየኸውን ብቻ ትጽፋለህ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን የእኔን አነበቡ። የመረጥሁት ልጅ ዓይኖች ሁለት ጠዋቶች እንደሆኑ ጽፌ ነበር።

«ግሩም ነው» አሉ፤ «እሺ፣ ልጁ ምን አደረገ?»

ወረቀቴን መለሱልኝ። ቀጥሎ የአሲፓን አነበቡ። «ሦስት ሰዓት ከሩብ። ወንበር ይዞ ተነሣ። እስከ አራት ስቆጥር ቆመ። ግራ ጉልበቱ ታጠፈ። ተቀመጠ። አላለቀሰም።»

ሕግ የተማረው ልጅ ከኋላ «ነገ ዝናብ ይኖራል ወይ፣ ኤጄ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ለአንተ ይዘንባል። ጃንጥላ ያዝ» አለችው ሳትዞር።

ያ የቆመው፣ እኔም የመረጥሁት ሕፃን ባይሳል ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት አይሄድም ነበር። ወላጆቹ ሞስኮ ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚያሳድጉት አያቱ ካኒሻይ አፓ ናቸው፤ አፓ እማማ እንደ ማለት ነው። ሐኪም አይቶት እግሩ ጤነኛ ነው ብሏል። አሲፓ ከጥቅምት ጀምሮ መዋዕለ ሕፃናት በዋለችበት ቀን ሁሉ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚቆም ጻፈች። በጥር ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ደርድራ አሳየችኝ። ዓርብ ዓርብ ከፍ ይላል፤ ሰኞ ሰኞ ይወርዳል። ሳምንት በሳምንት፣ ሳያዛንፍ።

«ውኃ እንዲህ ሲሆን» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከላይ የሚገድበው ሰው አለ ማለት ነው።»

እኔ ያንን ልጅ ሦስት ወር ሙሉ አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ዓይኖቹን ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ካኒሻይ አፓ ልጁን በጀርባቸው አዝለው ሲመጡ አሲፓ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አፓ፣ ቅዳሜና እሑድ ባይሳል የት ይውላል?»

«የት ይውላል! ጀርባዬ ላይ ነዋ።»

«መሬት አይወርድም?»

«ምን ልትዪኝ ነው አንቺ? ማሳደግ አታውቂም ልትዪኝ ነው? አምስት ወልጃለሁ!»

«እንደሚያውቁማ አይቻለሁ፤ ጉንጩ ይናገራል። እግሩ ግን መሬት አይነካም።»

አሮጊቷ ልጁን ከጀርባቸው ወደ ደረታቸው አዞሩት። «እናቱ ሳታየው ይሂድ? ገመዱን እኔ ነኝ የምገምድለት ብላ ምላልኛለች። እስክትመጣ ይቆይ፤ ምን ቸኮለ!»

በእኛ አገር እግር ያወጣ ሕፃን ቁርጭምጭሚቶቹ በጥቁርና ነጭ የሱፍ ገመድ ይታሰራሉ። ልጆች ከሩቅ ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ገመዱን በቢላዋ ይቆርጥለታል። ከዚያ ወዲያ የሕይወት መንገዱ ተፈታ ይባላል። ድግሱ የወላጆች ነው። ካኒሻይ አፓ ወላጆቹ ሳይኖሩ እንዳይሄድ ብለው ልጁን ተሸክመው ቆይተው ነበር።

«መቼ ይመጣሉ?» አለች አሲፓ።

«ለመጋቢቱ በዓል፣ ለኑሩዝ ብለዋል። ካልሆነም ለግንቦት።»

«አፓ፣ እግር ቀጠሮ አይጠብቅም። ገመዱን በፈለጉት ቀን ይዘው ይምጡ። ሯጭ እንደሆነ እዚህ ሞልቷል።»

«እኔ አያቲቱ ላስቆርጥለት? ወላጅ እንደሌለው?» ብለው ልጁን አስረክበዋት፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሏት ሄዱ።

ኑሩዝ አለፈ። ግንቦት ገባ። ቁጥሮቹ ዓርብ መውጣታቸውን፣ ሰኞ መውረዳቸውን ቀጠሉ።

ፈታኟ የመጡት ረቡዕ ቀን ነው። ወይዘሮ ጉልሻይር የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። አሲፓ ዕቅዷን በሦስት ገጽ ጽፋ ሰጥታለች፤ ልጆቹ ውኃ ከሰፊ ዕቃ ወደ ጠባብ ዕቃ ይገለብጣሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ከኮሪደሩ ድምፅ ተሰማ።

«አፓ፣ በፈጣሪ ይሁንብዎ! ፈተና ላይ ናት። ከሰዓት ይመለሱ» ይላሉ ቱርሱናይ ኤጄ።

«ከሰዓት ልቤ ይመለሳል። አሁን ነው እንጂ!»

በሩ ተከፈተ። ካኒሻይ አፓ ነጭ ሻሽ አስረው፣ ባይሳልን አዝለው፣ በአንድ እጃቸው የቦርሶክ ዳቦ የሞላ ጥቅል፣ በሌላው ጥቁርና ነጭ ገመድ ይዘው ቆመዋል። ፈታኟን አላዩአቸውም፤ ያዩት አሲፓን ብቻ ነው።

«ዘንድሮ አይመጡም» አሉ። «ማታ በስልክ ነገሩኝ። ገመዱን ራሴ ገመድሁት።»

አሲፓ ወደ ፈታኟ ዞረች። የፈታኟ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዕቅዱ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፈም። አሮጊቷን ውጭ ጥቂት ያስቆየቻቸው እንደሆነ ሰዓቷን በሰላም ትጨርሳለች። ግን እነዚያን እግሮች ዳግም ወደዚያ በር የሚያመጣቸው ነገር ላይኖር ይችላል።

«ዕቅዴን ትቼዋለሁ» አለች ለፈታኟ፤ ከዚያም ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋች።

አሮጊቷ ከጉያቸው ቢላዋ አወጡ።

«አፓ፣ ቢላዋ እዚህ አይገባም። ደንብ ነው።»

«ታዲያ በጥርሴ ልቁረጠው?»

አሲፓ ከመሳቢያው የልጆቹን ዱልዱም መቀስ አመጣች። ባይሳልን አቆሙት፤ እግሮቹን አሰሩ፤ ልጆቹን ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ደረደርናቸው። «ሩጡ!» ሲባል አንዱ ወደ በሩ ሮጠ። አንዱ ጫማውን ለማየት ቁጭ አለ። ሁለቱ ተጋጩ። የደረሰችው ሳሊማ የምትባል ቀርፋፋ ልጅ ናት፤ እሷም የመጣችው ቦርሶኩን ብላ ነው። መቀሱን ሰጧት።

አልቆረጠም። ሱፉ መቀሱ ውስጥ ታጠፈ። ደግማ ሞከረች፣ ምላሷን አውጥታ። እኔ እጄን ስዘረጋ አሲፓ በዓይኗ አቆመችኝ። ሳሊማ አንድ ክር በጠሰች፤ ሌላ ክር በጠሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ባይሳል ማንንም ሳይይዝ ቆሞ ነበር። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አሲፓ አልቆጠረችም።

ገመዱ ተበጠሰ። አያቱ በልማድ ሁለት እጃቸውን ለማንሣት ዘረጉ።

«አፓ» አለች አሲፓ፣ «እጅዎን።»

አሮጊቷ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። እንባቸውን የሚጠርግ እጅ አልነበራቸውም። ልጁ አንድ ርምጃ ሄደ። ሁለት። አምስተኛው ላይ በቂጡ ተቀመጠ፤ በራሱ ተገርሞ ወለሉን በመዳፉ መታ። በሩ ላይ የቆመችው ወጥ ቤቷ ማማሰያዋን ወደ ላይ አንሥታ «ወፌ ቆመች!» አለች።

ሰዓቱ አለቀ። ወይዘሮ ጉልሻይር የአሲፓን ደብተር ጠይቀው ወሰዱ። ምሳ ቀረበላቸው፤ አልነኩም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት እያንዳንዱን ገጽ ገለጡ። ከዚያ ጠሯት።

«ምን እንዳየሁ አውቃለሁ» አሉ። «የያዝሁት ቅጽ ግን የሚጠይቀኝ ስለ ዕቅዱ ነው። እዚያ ላይ የምጽፈው የለኝም።»

«ገብቶኛል።»

«ዛሬ ማታ መመለስ ነበረብኝ። አልሄድም። ነገ በሦስት ሰዓት ያንኑ ዕቅድ ያሳዩኛል። አያት ቢመጡም፣ ሠርግ ቢመጣም።»

በማግስቱ አሲፓ ውኃውን ከሰፊው ዕቃ ወደ ጠባቡ አስገለበጠች። ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ትመስል ነበር፤ ሁለት ጥያቄ ረሳች። ተራ ትምህርት ነበር። ወይዘሮ ጉልሻይር ዝቅተኛውን የማለፊያ ውጤት፣ «በቂ» የሚለውን ሰጥተው ፈረሙ። እኔ በዚያው ሳምንት «እጅግ በጣም ጥሩ» አገኘሁ። እስከ ዛሬ ያንን ወረቀት ለሰው ለማሳየት አፍራለሁ።

ቱርሱናይ ኤጄ ወረቀቱን ኮሪደር ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። «ተፈቅዷል! ቡድኑ አይዘጋም!» ወጥ ቤቷ አጨበጨበች። አሲፓ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ ልጆቹ ከእንቅልፍ የሚነሡበት ሰዓት ነበር። ከመካከላቸው ቀድሞ የነቃ አንዱ ገንፎ ይዞ ሊሄድ ሞክሮ ደፍቶታል። እሷ ጎንበስ ብላ መወልወያውን አነሣች።

«አስቀምጪው እንጂ!» አሉ ዳይሬክተሯ። «አንቺ እኮ አሁን መምህርት ነሽ።»

«እሺ። ማን ይጥረገው?»

ቱርሱናይ ኤጄ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የነበረችው ረዳት ከዛሬ ጀምሮ የለችም፤ በቦታዋ የተቀጠረም ሰው የለም። አሲፓ ባልዲውን በእግሯ ወደ ራሷ ሳበችና መወልወል ጀመረች።